በሣለና ባሣለ መካከል

በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳዎች ላይ ያሉትን ሥዕሎች ልብ ብሎ ያየ ሰው፣ ከቅዱሳኑ እግር ሥር በግንባሩ ተደፍቶ የሚታይ አንድ ሰው አያጣም። ያ ሰው ሠዓሊው አይደለም፤ ለቀለሙና ለድካሙ የከፈለው ባለጸጋ ነው። ብዙውን ጊዜ ስሙ ከአጠገቡ ተጽፎ ይገኛል፤ የሠዓሊው ስም ግን በአብዛኛው የለም። አማርኛ እነዚህን ሁለት ሰዎች የሚለያቸው በአንዲት ፊደል ነው፤ አንዱ «ሣለ»፣ ሌላው «አሣለ» ይባላል። ፊደሏ አንዲት ትሁን እንጂ የምትከፍለው ገደል ሰፊ ነው፤ በአንደኛው ዳር ዓይንና እጅ፣ በሌላው ዳር ገንዘብና ባለቤትነት ቆመዋል።

ስለ ሂፕ ሆፕ የሙዚቃ ቪዲዮ የሚደረገው ክርክር ዘወትር የሚሰናከለው ይህችን አንዲት ፊደል ባለማስተዋል ነው። ተከራካሪዎቹ ሁለት ወገኖች ናቸው። አንደኛው ወገን በብዛት የሚገኘው በመምህራንና በባህል ሠራተኞች መካከል ሲሆን፣ ፍርዱ አጭርና ቁርጥ ያለ ነው፤ «የሙዚቃ ቪዲዮ የሸቀጥ ማስታወቂያ ነው፤ የሂፕ ሆፑ ደግሞ የወርቅ ሐብል፣ የመኪናና የዕርቃን ገላ ሰልፍ ነው፤ ይህን የሚያዘጋጅ ሰው ደላላ እንጂ ከያኒ አይባልም» ይላል። ሁለተኛው ወገን በወጣት ከያንያን ዘንድ ይበረታል። እሱም በበኩሉ፣ «ብርሃኑን ተመልከቱ፤ ቀለሙን፣ የካሜራውን አያያዝ አድንቁ፤ ይዘቱ የዘፋኙ ጉዳይ ስለሆነ አዘጋጁን አይመለከተውም» እያለ ይሟገታል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የመጀመሪያው ያሣለውን ሰው ኃጢአት በሣለው ላይ ይጭናል፤ ሁለተኛው ደግሞ የሣለውን ሰው ከሣለው ነገር ነጻ ያወጣዋል።

ነገሩን በጥቅሉ ከመወርወር ይልቅ በአንድ አዘጋጅ፣ ማለትም በአንድ ዳይሬክተር፣ የሥራ ዘመን ላይ መመርመር ይበጃል። ለዚህም አሜሪካዊው ሃይፕ ዊልያምስ ተገቢ ምሳሌ ነው፤ ባለፈው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሂፕ ሆፕ ሙዚቃ በዓለም ዓይን ፊት የያዘውን መልክ በመቅረጽ ረገድ የሚስተካከሉት ጥቂቶች ናቸውና። (ከአንዱ በስተቀር በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሂፕ ሆፕ ሲወለድ ካሜራ አልነበረውም። በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሮንክስ፣ በሰጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሆነው የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ፣ ኦገስት 11 ቀን 1973 ከጃማይካ የመጣው ወጣት ዲጄ ኩል ሄርክ በእህቱ ድግስ ላይ ሸክላ ሲያጫውት የተጀመረ ጥበብ እንደሆነ ይነገራል። መድረኩ የሠፈር አዳራሽና የትምህርት ቤት ሜዳ ነበር። በግድግዳና በባቡር ላይ ስማቸውን በቀለም እየረጩ ይጽፉ የነበሩት ወጣቶችም የዚያው ዘመን ልጆች ናቸው። ስሙን የሚጽፍለት ያጣ ትውልድ ስሙን ራሱ መጻፉ ነበር።

በኦገስት 1981 ሙዚቃን በምስል ብቻ የሚያሠራጨው ኤም ቲቪ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲከፈት፣ ይህ ትውልድ ከበር ውጭ ቀረ። ጣቢያው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥቁር ሙዚቀኞችን እምብዛም አያሳይም ነበር። በ1983 እንግሊዛዊው ዘፋኝ ዴቪድ ቦዊ በዚያው ጣቢያ ቃለ መጠይቅ ሲደረግለት፣ ጥቁሮች ለምን እንደማይታዩ መልሶ ጠያቂውን ጠየቀው። ያም ሆኖ ጣቢያው ለራፕ ራሱን የቻለ ፕሮግራም የሰጠው በ1988 ነው። ከዚያ አስቀድሞ የራፕን ምስል ለኒው ዮርክ ልጆች ያሳይ የነበረው በከተማዋ የሕዝብ ቴሌቪዥን የሚተላለፈው፣ ራልፍ ማክዳንኤልስና ሊዮኔል ማርቲን የመሠረቱት «ቪዲዮ ሚውዚክ ቦክስ» ነበር።

ሃሮልድ ዊልያምስ ሥራውን የጀመረው በእነዚሁ በሁለቱ ሰዎች ድርጅት ጥላ ሥር ነው። የተወለደው በ1970 በኒው ዮርክ፣ በኩዊንስ ነው። «ሃይፕ» የሚለውን ስም ያገኘውም ከግድግዳ ጽሑፍ ዘመኑ ነው። ይህ እንደ ተራ ነገር የሚታለፍ አይደለም። ማንም ሳያዝዘው፣ ማንም ሳይከፍለው፣ ስሙን በራሱ ቀለም በአደባባይ የጻፈ ልጅ፣ በኋላ ስሙ ያልተጻፈበት ሥራ የሚሠራበት ሙያ ውስጥ ገባ። ኤም ቲቪ ከዘፋኙና ከዘፈኑ ስም ጋር የአዘጋጁን ስም በማያ ገጹ ላይ መጻፍ የጀመረው ጣቢያው ከተከፈተ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ1992 ማብቂያ ገደማ ነበር። ለዚያን ያህል ጊዜ ተመልካቹ የሚያየው ነገር ሁሉ ራሱን በራሱ የሣለ ይመስል ነበር።

እንግዲህ «ማስታወቂያ ጥበብ አይሆንም» ለሚለው ወገን ከሥራዎቹ አንዱን ማቅረብ ይገባል። በ1997 ዊልያምስ ለሚሲ ኤሊየት «ዘ ሬይን» ለተሰኘው ዘፈን ቪዲዮ አዘጋጀ። በዚያን ዘመን የሙዚቃ ቪዲዮ ከሴት የሚፈልገው ነገር የታወቀ ነበር፤ ቀጭን ወገብና የተገለጠ ገላ። ሚሲ ኤሊየት የተገለጠች አልነበረችም፤ በልብስ ነዳፊዋ በጁን አምብሮዝ የተሠራ፣ እንደ ፊኛ በአየር የተነፋ ጥቁር የሚያብረቀርቅ ልብስ ለብሳ ቀረበች። ካሜራው የያዘው ደግሞ «የዓሣ ዓይን» የሚባለውን ሌንስ ነው። ይህ ሌንስ ዳር ዳሩን አጉብጦ መሐሉን ወደ ፊት ይገፋል። ስለዚህ ዘፋኟ ወደ ሌንሱ በቀረበች ቁጥር ዙሪያዋ ያለው ዓለም ሁሉ የሚሰግድላት ይመስላል። ገበያው «ቀንሺ» ያላትን ሴት አዘጋጁ ከሚዛኑ አልፎ አገዘፋት። ተመልካቹም አልሣቀባትም፤ ተደነቀባት እንጂ። ይህ በቃል ያልተነገረ፣ በቅርጽ የተነገረ ሐሳብ ነው። ቅርጹ ከይዘቱ ቀድሞ የተናገረበት ሥራ ጥበብ ካልተባለ፣ ጥበብ ለሚለው ቃል ሌላ ፍች መፈለግ ግድ ይሆናል።

የዚህ ቅርጽ ሥር የሚወርደው ከአንድ ዘፈን የበለጠ ጥልቀት ወዳለው ታሪክ ነው። የቀለም ፊልም ሲፈጠር የተመጠነው በነጭ ሰው ቆዳ ነው። ኮዳክ ለፎቶግራፍ ማጠቢያ ቤቶች ይልከው የነበረው የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ለብዙ ዓመታት የአንዲት ነጭ ሴት ምስል ነበረ፤ በሙያተኞች ዘንድም «ሸርሊ» እየተባለ ይጠራ ነበር። በዚያ መለኪያ የጥቁር ሰው ፊት ሲነሣ ዝርዝሩ ይጠፋል፤ ጥርስና ዓይን ብቻ ይቀራሉ። ይህ የሙያ ጉድለት ብቻ አልነበረም፤ ማን በግልጽ እንዲታይ እንደተፈለገና ማን እንዳልተፈለገ የሚናገር ፍርድ ነበር። ዊልያምስና እንደ ማሊክ ሳዪድ ያሉ የካሜራ ባለሙያዎች ይህንን ፍርድ በብርሃን ተሟገቱት። በ1998 በወጣው «ቤሊ» በተሰኘው ፊልም መግቢያ ላይ፣ ተዋንያኑ ናስና ዲ ኤም ኤክስ «ተነል» ወደተባለው የኒው ዮርክ የምሽት ክበብ ሲገቡ፣ ትዕይንቱ በጥቁር ብርሃን ተነክሮ ሰማያዊ ይሆናል፤ ቆዳቸው እንደተወለወለ ብረት ያበራል፤ ዓይናቸው በጨለማው ውስጥ ይነዳል። ቀድሞ የካሜራው ነውር የነበረው ጥርስና ዓይን እዚህ ላይ የአዘጋጁ ምርጫ ሆኖ ተመለሰ።

ይህን ያህል ለመጀመሪያው ወገን። ሁለተኛውን ወገን ደግሞ በዚያው ሰው ሥራ መመለስ ይቻላል። «ይዘቱ አዘጋጁን አይመለከተውም» የሚለው አባባል ከ2000 ዓመተ ምሕረቱ «ቢግ ፒምፒን» ፊት አይቆምም። ዊልያምስ ይህንን ቪዲዮ የቀረጸው በካሪቢያኗ ደሴት በትሪኒዳድ፣ በካርኒቫል ሰሞን ነው። ካርኒቫል የባሪያ ፍንገላን ቀንበር የጣሉ ሕዝቦች መንገዱን የራሳቸው ያደረጉበት በዓል ነው። በቪዲዮው ውስጥ ግን ያ በዓል ለመርከብ፣ ለመጠጥና ለባለገንዘብ ወንዶች ፈንጠዝያ መጋረጃ ሆነ። ሴቶቹ እንደ መርከቡ ጌጥ ይቆጠራሉ። ከሦስት ዓመት በፊት አንዲትን ሴት ያገዘፈው ዓይን እዚህ ላይ ብዙ ሴቶችን አሳነሰ። ብርሃኑ አልደበዘዘም፤ ቀለሙም አልወየበም። የተበላሸው ሌላ ነገር ነው፤ «ቅርጹ ግሩም ነው» ብሎ ማለፍም ያንን የተበላሸ ነገር መሸፈን ይሆናል። የዘፈኑ ባለቤት ጄይ ዚ በ2010 ለጋዜጣ በሰጠው ቃል በግጥሙ መጸጸቱን ተናግሯል። ቃሉን የተናገረው ሰው በቃሉ ከተጸጸተ፣ ያንኑ ቃል አሳምሮ ያለበሰው ሰው «አይመለከተኝም» ለማለት እንዴት ይቻለዋል?

እዚሁ ሥራ ውስጥ ሌላም የሚያስተምር ነገር አለ። የዘፈኑ መሠረት የሆነው ዜማ የግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ የባሊግ ሐምዲ ድርሰት ነው። የሐምዲ ወራሽ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ያቀረቡት ክስ በ2015 ተቀባይነት አላገኘም፤ መብቱን ለሌላ ስላስተላለፉ ለመክሰስ የሚያበቃ ሥልጣን የላቸውም ተባለ። ዜማው ከካይሮ፣ በዓሉ ከትሪኒዳድ፣ ዓይኑ ከኩዊንስ ተሰብስበው አንድ ሥራ ሆኑ፤ የሥራው ባለቤትነት ግን ወደ ሦስቱም አልሄደም።

ወዴት ሄደ? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው ያለው። የሙዚቃ ቪዲዮ የሚሠራበትን ሥርዓት ያላወቀ ተቺ በአየር ላይ ይከራከራል። ሥርዓቱ በአጭሩ የሚከተለው ነው። የቪዲዮውን ወጪ የሚያወጣው የሸክላ አሳታሚው ድርጅት ነው። ይሁን እንጂ ያወጣውን ገንዘብ በሙሉ ወይም በከፊል ኋላ ከዘፋኙ የሽያጭ ድርሻ ላይ እየቀነሰ መመለስ የተለመደ ነው። ስለዚህ ዘፋኙ የራሱን ማስታወቂያ በብድር አሠራ ማለት ነው። አዘጋጁ በአብዛኛው ከወጪው ላይ ተሰልቶ የአንድ ጊዜ ክፍያ ይቀበላል፤ ቪዲዮው ሺህ ጊዜ ቢታይ ሺህ ጊዜ አይከፈለውም። ምስሉ የድርጅቱ ሀብት ሆኖ ይቀራል። ሕጉም ይህንን ያጸናዋል። በ1976 የወጣው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ፣ በቅጥር ወይም በሕጉ በተዘረዘሩ ዓይነቶች በጽሑፍ ውል ታዞ የተሠራን ሥራ በተመለከተ፣ «ደራሲ» ብሎ የሚያውቀው ያሠራውን ወገን ነው። የፊልምና የቪዲዮ ሥራም ከተዘረዘሩት ውስጥ ነው። ይህ ቃል ደጋግሞ ሊነበብ ይገባዋል። ሕጉ የሚለው «ያሠራው ባለቤት ነው» ብቻ አይደለም፤ «ያሠራው ደራሲ ነው» ይላል። አማርኛ በአንዲት ፊደል የለየውን ሕጉ ፊደሏን ፍቆ አንድ አደረገው። በግድግዳው ሥዕል ላይ ባለጸጋው ቢያንስ ከቅዱሳኑ እግር ሥር ተደፍቷል፤ እዚህ ግን ብሩሹንም ይዞ ቆሟል።

የገንዘቡ መጠን ሲገለጽ ነገሩ ይበልጥ ይጠራል። በ1999 ዊልያምስ ለባስታ ራይምስና ለጃኔት ጃክሰን ያዘጋጀው ቪዲዮ ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጪ እንደጠየቀ ይነገራል። የሚያብረቀርቅ ልብስ፣ የሚያብረቀርቅ ወለል፣ እንደ ፈሳሽ ብረት የሚቀልጥ ገላ፤ ሁሉም የዘመኑ ምልክት ሆነ። ተቺዎች ይህንን «የዊልያምስ የብልጭታ ፍቅር» ብለው ጠሩት። በእርግጥ ብልጭታውን የመረጠ እሱ ነው። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሸክላ ንግድ የገቢው ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ብልጭታው የዚያ ገቢ ነጸብራቅ ነው። ከዚያ በኋላ ዘፈንን በኮምፒዩተር በነጻ መለዋወጥ ተስፋፋ፤ የሸክላው ገቢ ወደቀ፤ የቪዲዮው በጀትም አብሮ ወደቀ። ኤም ቲቪ በ2006 ለዊልያምስ ለቪዲዮ ፈር ቀዳጆች የሚሰጠውን የክብር ሽልማት ሲሰጠው፣ የተከበረበት የሥራ ዓይነት በጀቱን እያጣ ነበር። ገንዘቡ ሲሄድ ዓይኑ አልሄደም፤ የሄደው አሣዩ ነው።

አሁን የሚነሣ አንድ ተቃውሞ አለ። «ሰውየው በራሱ ስም፣ በራሱ ሐሳብ የሚሠራበት ዕድል ነበረው፤ ፊልም ሠርቶም ነበር፤ ምን አደረገበት?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም «ቤሊ» ነው። ፊልሙ ድክመት አለው። ታሪኩ ተበጣጥሷል፤ ሴቶቹ ገጸ ባሕርያት ከጥላ አይሻሉም፤ አዘጋጁ ከአምስት ደቂቃ ቪዲዮ የመጣ መሆኑ በየትዕይንቱ ይታያል። በወጣበት ጊዜም በሎስ አንጀለስና በሌሎች ከተሞች በጥቁሮች ሠፈር ሲኒማ ቤቶች የከፈተው የማጂክ ጆንሰን ድርጅት፣ የጥቁሮችን ሕይወት በክፉ መልክና በዓመፅ አቅርቧል ብሎ ፊልሙን አላሳይም አለ። ይህን እርምጃ ያጨበጨቡለት ሥነ ምግባር ጠባቂዎች ግን ፊልሙ የሚያበቃበትን ቦታ አላስተዋሉም። በፍጻሜው ላይ አንድን የሕዝብ ሰባኪ እንዲገድል የተላከው ሰው፣ በአዲሱ ምዕት ዋዜማ ከሰባኪው ፊት ቆሞ ቃሉን ሲሰማ መሣሪያው ይከብደዋል። በሙሉ የሥራ ዘመኑ የሌላውን ቃል በምስል ያለበሰው አዘጋጅ፣ ቃሉ የራሱ በሆነበት ጊዜ የመረጠው ፍጻሜ የንስሐ ፍጻሜ ነው። ስብከቱ ረዥም ነው፤ ትንሽም ይጎረብጣል። ነገር ግን የራሱ ነው።

ከዚያስ በኋላ? ፊልሙ በትኬት ሽያጭ ከወጪው በላይ አስገብቷል። በዘመናት ሂደትም በወጣት አዘጋጆች ዘንድ መማሪያ ሆኗል። ሆኖም በዊልያምስ አዘጋጅነት ሁለተኛ ሙሉ ፊልም ለሲኒማ አልቀረበም። ከሌላው ጋር ማነጻጸር ይገባል። ዴቪድ ፊንቸርም የመጣው ከሙዚቃ ቪዲዮ ነው። በ1992 የሠራውን የመጀመሪያ ፊልም ተቺዎች ነቀፉት፤ ኋላም እሱ ራሱ ካደው። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን «ሰቨን» የተባለውን ሠርቶ ስሙን ተከለ። ለአንዱ ውድቀት የትምህርት ክፍያ ሆነለት፤ ለሌላው የሥራ ዘመን ፍርድ ሆነበት። በ2003 እና በ2005 የታላላቅ የሙዚቃ ቪዲዮ አዘጋጆችን ሥራ በየስማቸው የሰበሰበ የዲቪዲ ተከታታይ ታትሞ ነበር። ሰባት ስሞች ተመረጡ፤ ሰባቱም ነጮች ናቸው፤ ዊልያምስ የለበትም። ሰባቱ ከያንያን መሆናቸው አያጠራጥርም። ግን «ከያኒ» የሚለውን ማዕረግ የሰጠው እጅ ማንን አልፎ እንደሄደ መናገር ያስፈልጋል። እውነት ነው፣ በሩ ጨርሶ አልተዘጋም፤ ኤፍ ጋሪ ግሬይ ከራፕ ቪዲዮ ተነሥቶ ታላላቅ ፊልሞችን አዘጋጅቷል። ነገር ግን አንድ ሰው ያለፈበትን ቀዳዳ በር ብሎ መጥራት ውጭ በቀሩት ላይ መሣለቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ድምዳሜ ዊልያምስን ከወቀሳ ነጻ አያወጣም። ለሚሲ ኤሊየት የሠራው የራሱ ከሆነ፣ በትሪኒዳድ የሠራውም የራሱ ነው። ምስጋናን ተቀብሎ ወቀሳን ወደ ከፋዩ ማሳለፍ አይቻልም። ነገር ግን ፍርድ የሚጸናው ስም ባለበት ነው። ስሙ ያልተጻፈ፣ በሕግም ደራሲ ያልተባለ ሰው፣ ለሥራው መብት እንደሌለው ሁሉ ለኃላፊነቱም ማምለጫ ያገኛል። «ታዝዤ ነው» ይላል፤ ሕጉም ይመሰክርለታል። ያሠራውም «እኔ አልነካሁትም፤ ያዘጋጀው እሱ ነው» ይላል፤ ሕዝቡም ያምነዋል። በሁለቱ መካከል ጥፋቱ ባለቤት ያጣል። እንግዲህ ለሠሪው ስም መታገል ለሠሪው ክብር ብቻ መታገል አይደለም፤ ተጠያቂ እንዲኖር መታገልም ነው። ስምና ኃላፊነት አብረው የሚወለዱ መንትዮች ናቸው።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ እንዳይቀር የሚያደርገውም ይኸው ነው። በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410፣ ደራሲው የኢኮኖሚ መብቱ በእጁ ኖረም አልኖረም የሥራው ደራሲ መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅ የሞራል መብት እንዳለው ይደነግጋል። ይህ መልካም ቃል ነው። ቃሉ ሥጋ የሚለብሰው ግን በአዋጅ መጽሔት ላይ ሳይሆን በየውሉና በየማያ ገጹ ላይ ነው።

ስለዚህ መምህሩ ተማሪዎቹ የሚያዩትን ክሊፕ በአንድ ቃል አውግዞ መስኮቱን ከመዝጋት ይልቅ፣ እንደ ግጥም አብሯቸው ያንብበው፤ ሌንሱ ማንን እንዳገዘፈ፣ ብርሃኑ ማንን እንደደበቀ ይጠይቃቸው። የባህል ካድሬው ስለ ይዘት ከመፍረዱ በፊት ከፋዩ ማን እንደሆነና ውሉ ምን እንደሚል ይመርምር፤ ያለዚያ ፍርዱ ሁልጊዜ በደካማው ላይ ያርፋል። ከያኒው ደግሞ ከሁሉም የከበደ ሥራ አለበት። ብልጭታውን ከመቅዳቱ በፊት ብልጭታው የማን ገንዘብ ነጸብራቅ እንደሆነ ይወቅ፤ ስሙን በሥራው ላይ ይጻፍ፤ ከጻፈ በኋላም ስለጻፈበት ሥራ ሲጠየቅ ጣቱን ወደ ከፋዩ አይቀስር። ባለጸጋው ከቅዱሳኑ እግር ሥር መደፋቱን ይቀጥል፤ ልማዱ ነው። ሠዓሊው ግን ስሙን ጽፎ፣ ቀና ብሎ ከሥዕሉ አጠገብ ይቁም።